ሰጪው ራሱን ያገደበት ብራና

ስለ መሬት የተጻፈ ነገር ማንበብ እንጀራዬ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የአንድ ወረዳ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ፤ ቀኔ የሚያልፈው በይዞታ ደብተር፣ በስጦታ ውል፣ በኑዛዜና በወሰን ክርክር መካከል ነው። «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ እገሊት» የሚለውን በእንቅልፌም ሳልለው አልቀርም። ደብረ ማርቆስ ታሪክ የሚያስተምር ወዳጄ የአንድ የፈረንሳይ ገዳም መመሥረቻ ቻርተር በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አግኝቶ በቴሌግራም ላከልኝ። እሱ እንደ ታሪክ ሰው ያነበበውን እኔ እንደ ስጦታ ውል አነበብኩት። ሰጪ ማን ነው? ተቀባይስ? ወራሾች ምን አሉ? ምስክር አለ ወይ?

ገዳሙ ክሉኒ ይባላል፤ ያለው ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ አገር፣ ከማኮን ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሰጪው የአኪቴን መስፍን ጊዮም ሲሆን በቅጽል ስሙ «መንፈሳዊው» ይሉታል። ውሉ የተጻፈው ቡርዥ ከተማ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 910 ነው፤ በብራናው ላይ ያለው የዘመን አቆጣጠር ስለሚያከራክር 909 የሚሉም አሉ። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ልማድ ሆኖ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ንብረት ዝርዝሩ ነው። የክሉኒ ርስት ከነግቢው፣ በእመቤታችንና በቅዱስ ጴጥሮስ ስም የቆመችው ጸሎት ቤት፣ መንደሮች፣ የወይን ቦታ፣ እርሻ፣ የሣር መሬት፣ ደን፣ ውኃና የውኃ መውረጃ፣ ወፍጮ፣ መግቢያና መውጫ፣ የታረሰውና ያልታረሰው። ይህን የጻፈውን ሰው ዛሬ ቢሮ ውስጥ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። «መግቢያና መውጫ» የምትለዋ ብቻዋን ስንት ፋይል እንደምትዘጋ የሚያውቅ ያውቃታል። እኛ ዘንድ ግማሹ ጠብ የሚነሣው ማሳው በደንብ ተለክቶ የከብት ማውጫው ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን፣ ከወይኑና ከሣሩ ጋር በአንድ ትንፋሽ፣ «ወንድና ሴት ባሮች» ይላል። ጸሐፊው አልቆመበትም፣ አልፎት ሄዷል። እኔ ቆምኩበት። መሬት ሲሰጥ በላዩ ያለው ሰውም አብሮ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መሬቱ ወደ ጊዮም የመጣው ከእህቱ ከአቫ ነው፤ በኑዛዜ አውርሳዋለች። ቻርተሩ ይህን ከነስሟ ጽፎ ለነፍሷም ጸሎት ያዝዛል። ሚስቱ ኢንጀልበርጋም ከእሱ ጋር ሰጪ ሆና ገብታለች። በክልላችን የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የሚለጠፈው ለምን እንደሆነ ለማያውቅ ይህን አሳየዋለሁ፤ ነገ ተነሥቶ «የእሷ ድርሻ የት ሄደ» የሚል እንዳይመጣ ነው። ጊዮም ከመሞቱ በፊት ወራሽ የሚሆን ልጅ አልቆመለትም፤ መስፍንነቱ ለሌላ እህቱ ልጅ ተላልፏል። በሥራዬ ካየኋቸው ተከራካሪዎች የወንድምና የእህት ልጅን የሚያህል ብርቱ የለም። ጊዮምም ይህ የገባው ይመስለኛል።

ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ በዚያ የተሰበሰቡ መነኮሳት ከዛሬ ጀምሮ ለእኛም፣ ለዘመዶቻችንም፣ ለንጉሥ ግርማም፣ ለማንኛውም ምድራዊ ሥልጣን ቀንበር አይገዙ። ቀጥሎም መስፍንም ቢሆን፣ ጳጳስም ቢሆን፣ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ራሱም ቢሆን በንብረታቸው እጁን አያስገባ ይላል።

«ለእኛም» የምትለው ናት ያስደነገጠችኝ። የስጦታ ውል ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሰጪ ሌላውን ሁሉ ሲከለክል አይቻለሁ፤ ራሱን መጀመሪያ ላይ አስቀምጦ የሚከለክል ግን አላጋጠመኝም። ሰው ሲሰጥ አንድ ክር ይዞ ይሰጣል። «እስከ ዕለተ ሞቴ እየተጦርኩ»፣ «ልጄ ከተመለሰ ግን»፣ «ባሕር ዛፉ ሳይጨምር»። የዚያን ዘመን የአውሮፓ ባላባት ደግሞ የያዘው ገመድ እንጂ ክር አልነበረም። ገዳም የሠራ ባላባት ገዳሙን እንደ ወፍጮው ይቆጥረው ነበር፤ አበምኔቱን ይሾማል፣ ሲያሻው ወንድሙን ያስቀምጥበታል፣ ገቢውን ይካፈላል፣ ሲሞት ለልጁ ያወርሰዋል። ሳይመነኩሱ አበምኔት የተባሉ ጦረኞች በየቦታው ነበሩ። ጊዮም ያንን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተወው፤ መነኮሳቱ የመጀመሪያው አበምኔት ሲሞት ያለማንም ጣልቃ ገብነት የራሳቸውን ይምረጡ አለ።

ታዲያ መሬቱ የማን ሆነ? የጴጥሮስና የጳውሎስ። የሐዋርያቱ። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ገዳሙ በየአምስት ዓመቱ 10 ሶሊዲ (የዘመኑ ገንዘብ) ለሐዋርያቱ ቤተ ክርስቲያን መብራት ይልካል፣ በቃ። በዚያ ዘመን ሮማ ራሷ በባላባቶች ጠብ ስትታመስ የነበረች፣ ከቡርጎኝም በጣም ሩቅ ናት። ጠባቂው ሩቅና አቅመ ቢስ፣ ባለቤቶቹ ደግሞ በሰማይ። እንደ ባለሙያ ስናገር ይህ የብልህ ሥራ ነው። ጴጥሮስና ጳውሎስ አይሞቱም፣ አይወልዱም፣ ወራሽ ነኝ ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ዘመድ የላቸውም። መነኮሳቱም እንደዚያው። የመሬት ክርክር ሥሩ ውርስ ነው፤ ጊዮም ውርስ የሌለበት ባለይዞታ ፈልጎ አገኘ።

ጎጃም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን መሬት ነገር ከዚህ ይለይ ነበር። ሰሞን መሬት የያዘ ሰው መሬቱን የሚያርሰው ቀድሶ፣ ዘምሮ ወይም ደውል ደውሎ ነበር፤ ራሱ ካልቻለ በምትኩ የሚያገለግል ያቆም ነበር፤ ሲሞት ግን ልጁ ግዴታውንም መሬቱንም ይወርስ ነበር። ስለዚህ ደብሩ ዘመድ ነበረው። አንዱ ደብተራ ከሌላው ጋር የተካሰሰበት ወረቀት እስከ ዛሬ በየሰው ሣጥን ይገኛል። ክሉኒ ዘመድ አልነበረውም፤ ለብዙ ዘመን ያቆየው ይህ ነው፤ በመጨረሻም የሚቆምለት ሰው ያሳጣው ይህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው አበምኔት ቤርኖ ይባላል፤ ከባም ገዳም ነው የመጣው። ቦታው እንዴት እንደተመረጠ ገዳሙ ውስጥ ሲነገር የኖረ ወግ አለ። ጊዮም «ከርስቴ የወደድከውን ምረጥ» ቢለው ቤርኖ ክሉኒን መረጠ። ጊዮም ደነገጠ፤ ክሉኒ የአደን ቦታው ነበረች፣ የሚወዳቸው አዳኝ ውሾቹ የሚያድሩት እዚያ ነው። «ሌላ ምረጥ፣ ውሾቼን የት ልወስዳቸው ነው» ይለዋል። ቤርኖም «ውሾቹን አውጣና መነኮሳቱን አስገባ። በእግዚአብሔር ፊት የውሻ ጩኸት ይበጅሃል ወይስ የመነኩሴ ጸሎት?» ብሎ መለሰለት አሉ። እውነት ሆነም አልሆነም ጥሩ ነገር ነው።

ስለ ሥርዓታቸው በአጭሩ። ቤኔዲክቶሳውያን የሚባሉት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ በሞንቴ ካሲኖ ተራራ ገዳም የመሠረተው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በጻፈው 73 ምዕራፍ ያለው ሥርዓት የሚኖሩ ናቸው። ጸሎት፣ የእጅ ሥራ፣ ንባብ፣ በአንድ ማዕድ መብላት፣ የግል ንብረት አለመያዝ፣ አበምኔትን መታዘዝ። የአንድነት ገዳም ለሚያውቅ ጎጃሜ ባዕድ የሆነ ነገር የለውም፤ ምንጩም ሩቅ አይደለም። ቤኔዲክቶስ መነኮሳቱ እንዲያነቡ ያዘዘው የዮሐንስ ካስያን ድርሳን በግብፅ በረሃ ከነበሩ አባቶች የተቀዳ ነው፤ የእኛም የምንኩስና ሐረግ ወደ እንጦንስና ጳኵሚስ ነው የሚመዘዘው። ውኃው አንድ ነው፣ ቦዩ ነው የተለያየው።

አሁን ወደ እርግማኑ ልሂድ፤ ይህን ክፍል ብቻዬን ላነበው አልፈለግሁም። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፣ ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው እንደ ወጣት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬን ይዤ ሄድኩና እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ይህን ስጦታ የሚያፈርስ የእግዚአብሔር ቁጣ ይምጣበት፤ ስሙ ከሕይወት መጽሐፍ ይፋቅ፤ ምድር አፏን ከፍታ እንደዋጠቻቸው እንደ ዳታንና አቤሮን ይሁን፤ ጌታውን አሳልፎ እንደሰጠው እንደ ይሁዳ ይሁን፤ የሰማይን መክፈቻ የያዘው ጴጥሮስ በሩን ይዝጋበት…

አጎቴ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። ‹ዘሄዶ ወዘተዓገሎ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን› ነው የሚለው?»

ቃል በቃል ባይሆንም ነገሩ ያው ነው አልኳቸው። በየገዳሞቻችን የጉልት ስጦታ ይጻፍ የነበረው በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ነው፤ መጨረሻው የምስክሮች ስምና ይህ ግዝት ነው። በነጠቀውና በቀማው ላይ የጴጥሮስና የጳውሎስ ሥልጣን ይመጣበታል። እኛ «ከመ አርዮስ» የምንለውን እነሱ «እንደ ዳታን» አሉት። ሁለቱ ጸሐፊዎች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ የሚፈሩት ግን አንድ ዓይነት ሰው ነው። ነገ ጦር ይዞ የሚመጣውን የባላባት ልጅ።

ኄልዮዶሮስ የሚል ስም ላይ ግን ተቸገርን። ቻርተሩ የቤተ መቅደስ ገንዘብ ሊዘርፍ ገብቶ በሰማያዊ ጅራፍ የተገረፈውን ኄልዮዶሮስንና በትል ተበልቶ የሞተውን አንጥያኮስን ይጠቅሳል። ይህ ታሪክ ከእነሱ መቃብያን ነው፤ የእኛ መጽሐፈ መቃብያን ሌላ ነው። አጎቴ ግን የትል አሟሟቱን ሲሰሙ ወደዱት። «ይኼስ ጥሩ ግዝት ነው» አሉ።

ቀጥዬ «ከዚህም በላይ 100 ፓውንድ ወርቅ መቀጮ ይክፈል» የሚለውን ሳነብ ፊታቸው ተለወጠ። «ምድር ለዋጠችው ሰው መቀጮ ምን ያደርግለታል? ግዝቱን ካመነበት ወርቁን ምን አመጣው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግዝት የሚፈራ ሰው መጀመሪያም አይነጥቅም። ላልፈራው ደግሞ ሌላ አንቀጽ ያስፈልጋል። እንዲያውም የእኔ ሐሳብ ውሉን ያቆመው ግዝቱም መቀጮውም ሳይሆን ያቺ «ለእኛም» የምትለው ናት የሚል ነው። አጎቴ አልተቀበሉኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ረጅም ነው፤ የምወደውን እየመረጥኩ ልለፍ። ከ954 እስከ 1109፣ 155 ዓመት ሙሉ፣ ክሉኒን የመሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ማዬል 40 ዓመት፣ ኦዲሎ 55፣ ሁጎ 60። ሹመት በየሁለት ዓመቱ በሚለዋወጥበት ቢሮ ለምሠራ ለእኔ ይህ ተረት ይመስለኛል። አንድ ሰው የጀመረውን ራሱ ይጨርሳል፤ የተከለው ወይን ሲያፈራ ያያል።

ከማዬል በፊት የነበረው አይማር ዓይኑ ሲጠፋ ሥልጣኑን በፈቃዱ ለማዬል ለቀቀ። አንድ ቀን ያ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከመጋቢው አይብ ቢያስጠይቅ መጋቢው በንቀት ከለከለው ይላሉ። አይማር እየተደገፈ ወደ ጉባኤው ገባና ማዬልን «የሾምኩህ እንድታሳድደኝ ነው? ልጄ ከሆንክ ንስሐህን ተቀበል» ብሎ ከወንበሩ አስነሣው፤ ማዬል ተነሣ፣ አይማር በቦታው ተቀመጠ፣ መጋቢውን ከስሶ ቀጣው፣ ከዚያ ወንበሩን መልሶ ለማዬል ሰጠው። አጎቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። በየማኅበሩ መጋቢ የሚባል ሰው እንዲህ ነው አሉ።

ማዬል በ972 ከሮማ ሲመለስ በአልፕስ ተራራ መተላለፊያ ላይ ሳራሴኖች የሚባሉ ሙስሊም ወራሪዎች ማረኩት። ለገዳሙ የጻፈው መልእክት የዳዊት ቃል ነበር፤ የሞት ጣር ያዘኝ፣ የዐመፅ ጎርፍ ከበበኝ የሚለው የመዝሙር 17 ቃል፤ ቀጥሎም ለእኔና አብረውኝ ላሉት ቤዛ ላኩ። ክሉኒ ያላትን ውድ ዕቃ ሁሉ ሰብስባ 1,000 ፓውንድ ብር ከፍላ አስለቀቀችው። የፕሮቫንስ መኳንንትም በዚህ ተቆጥተው እነዚያን ሳራሴኖች ብዙ ሳይቆዩ ከምሽጋቸው አባረሯቸው።

ኦዲሎ ደግሞ ለሙታን ሁሉ የሚጸለይበትን ኖቬምበር 2 ቀን የደነገገ ነው፤ ከክሉኒ ተነሥቶ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ይዞታል። በረሃብ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት ሸጦ ድሃ መግቧል። ለሰው ተዝካር ማስቀመጥ የሚወድ የጎጃም ባላባት ይህን ሰው ቢያገኘው ጉልቱን በሙሉ ይሰጠው ነበር። የአውሮፓ ባላባቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ክሉኒ የጸሎት አገር ነበረች። ቤኔዲክቶስ 150ውን መዝሙረ ዳዊት በሳምንት አድርሱ ነበር ያለው፤ የክሉኒ መነኮሳት በአንድ ቀን ከ100 መዝሙር በላይ የሚያደርሱበት ጊዜ ነበር። ይህ ሁሉ ሰዓት ቁመት ሲሆን እርሻውን ማን ያርሳል? ያ ቻርተሩ በአንድ ትንፋሽ ያለፈው ሰው ነዋ። መነኮሳቱ በሚነጋገሩበት ሰዓት እንኳ ቆጣቢ ነበሩ፤ በዝምታ ሰዓት የሚግባቡበት የእጅ ምልክት ነበራቸው፣ ዓሣ የፈለገ እጁን እንደ ዓሣ ጅራት ያወዛውዛል።

በሁጎ ዘመን ክሉኒ ከጫፍ ደረሰች። በሥሯ ያሉት ገዳማት ከ1,000 ይበልጡ እንደነበር ይነገራል፤ ሁሉም ለአንድ አበምኔት የሚታዘዙ። በ1077 የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ጣሊያን ውስጥ በካኖሳ በበረዶ ላይ ቆሞ ሊቀ ጳጳሱን ይቅርታ ሲለምን፣ ካማለዱት አንዱ የክርስትና አባቱ ሁጎ ነው። የመስቀል ጦርነትን ያወጀው ሊቀ ጳጳስ ኡርባን 2ኛ የክሉኒ መነኩሴ ነበር። በ1088 ደግሞ ሁጎ ሦስተኛውን ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመረ፤ ሲያልቅ ርዝመቱ 187 ሜትር ሆነ። ሮማ ላይ አዲሱ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና ይህን የሚያህል አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኑ ልክ እንዴት እንደተገኘ ሌላ ወግ አላቸው፣ እሱ ደግሞ ለእኔ የተጻፈ ይመስለኛል። ጉንዞ የሚባል ሽማግሌ መነኩሴ ሽባ ሆኖ ተኝቶ ሳለ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስና እስጢፋኖስ በሕልም መጡ፤ ጴጥሮስ ገመድ ዘርግቶ ርዝመቱንና ስፋቱን ለክቶ አሳየውና «ለሁጎ ንገረው» አለው። ጴጥሮስ ገመድ ጣለ! ከእኔ መሥሪያ ቤት ጂፒኤስ ከመምጣቱ በፊት እኛም የምንይዘው ያንኑ ገመድ ነበር። ልዩነቱ ጴጥሮስ ሲለካ ወሰን ተገፋብኝ ብሎ የሚጮህ ጎረቤት አልነበረም።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? አብዛኛው ከስፔን። የሌዮንና የካስቲያ ንጉሥ 6ኛ አልፎንሶ በየዓመቱ 2,000 የወርቅ ዲናር ለክሉኒ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር፤ ወርቁ የሚመጣው ከስፔን ሙስሊም ገዢዎች ከሚቀበለው ግብር ነው። የክርስትናው ዓለም ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በሙስሊም ወርቅ ቆመ ማለት ነው። አልሞራቪዶች የሚባሉት የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች መጥተው ያ ግብር ሲደርቅ ክሉኒም ዕዳ ውስጥ ገባች። በ1122 የተሾመው አበምኔት ጴጥሮስ፣ «ክቡሩ» የሚሉት፣ ዕድሜውን የጨረሰው ሒሳብ ሲያስተካክል ነው፤ በመካከሉም ቁርኣንን በ1143 ወደ ላቲን ያስተረጎመ፣ የተወገዘውን ፈላስፋ አቤላርን ያስጠለለ ሰው ነበር። በዚያው ዘመን የሲቶ ማኅበር መነኩሴ የሆነው የክሌርቮው በርናርዶስ «ዕንቁላል እንኳ በስንት ዓይነት ነው የምትሠሩት» እያለ የክሉኒን ማዕድ ያብጠለጥል ጀመር።

እዚህ ላይ መርጡለ ማርያም ትዝ ትለኛለች፤ ወደ እነብሴ ሥራ ሲወጣ ጎራ ማለቴ አይቀርም። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አሁንም ቆሟል፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባና ሐረግ እጅ የሚያስነካ ነው። እሌኒ ከሐድያ ገዢ ቤት የመጡ ናቸው፣ ጎጃም ውስጥ ሰፊ ግዛት ነበራቸው፣ በ1509 ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላኩ ናቸው። ያ ቤተ ክርስቲያን ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን መልሰው ሊሠሩት ሞክረዋል። ግን በፍርስራሹ አጠገብ ዛሬም ይቀደሳል። ካህኑ የአካባቢው ሰው ነው፣ ልጁ እዚያው ነው የሚማረው። ድንጋዩን ለቤት መሥሪያ ልውሰድ የሚል ቢመጣ መንደሩ ሁሉ በዱላ ይወጣበታል።

ክሉኒ ላይ ግን እንዲህ አልሆነም። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አበምኔቱን የሚሾመው የፈረንሳይ ንጉሥ ሆነ። መነኮሳቱ ይምረጡ የሚለው አንቀጽ እዚያ ላይ ሞተ። ሪሽሊዩና ማዛራን የሚባሉት ሁለቱ ካርዲናሎች፣ መንግሥት የሚመሩት ሰዎች፣ የክሉኒ አበምኔቶች ተባሉ፤ ገቢው ለእነሱ፣ ገዳሙ ለመነኮሳቱ። በ1562 ሁጉኖቶች የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ዘረፉት። ጊዮም ያገደው ነገር አንድ በአንድ ሁሉም ገባ፤ ምድርም አፏን አልከፈተችም።

በጁላይ 1789 የማኮን አካባቢ ገበሬዎች ተነሥተው ወደ ገዳሙ መጡ፤ የከተማው ሰው ታጥቆ መለሳቸው። ያ በ910 ከወይኑና ከሣሩ ጋር ተቆጥሮ የተሰጠው ሰው ዘር ይሁን አይሁን ምን ያውቁታል፤ ቦታው ግን ያው ነው፣ ግብሩም ያው ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሁሉ ለሕዝብ ይሁን ብሎ ወሰነ። ቀኑን ልብ ይሏል፤ ኦዲሎ ለሙታን የደነገገው ቀን ነው። በ1790 መነኮሳቱ ተበተኑ፣ በ1793 ገዳሙ ተዘረፈ፣ ብዙ ሰነድ ተቃጠለ፣ በ1798 ሕንፃው ለማኮን ነጋዴ ተሸጠ። በትልቁ ቤተ ክርስቲያን መካከል መንገድ አወጡበት፤ በባሩድ እያፈረሱ ድንጋዩን ሸጡት። እስከ 1823 ድረስ ፈርሶ አልቆ ነበር። በ1789 ገዳሙን የጠበቀው ከተማ አሁን ድንጋዩን ለቤቱ ይገዛ ነበር።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣውን የመሬት አዋጅ አነሡ። እሳቸው ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። የደብሩ መሬት ለገበሬው ተደለደለ፤ ለእሳቸውም እንደ ማንኛውም ገበሬ በቃዳ ተለክቶ ደረሳቸው። «ግዝቱስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ግዝቱ የሚነጥቅ ሰው ነው የሚለው፤ ገበሬው አልነጠቀም፣ ተሰጠው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ደግሞስ ከድልድሉ በኋላ ቅዳሴው መቼ ታጎለ? ያው ገበሬ አይደል ሰበካ የሚከፍለው» ብለው ጨመሩ። ይህን ሲሉ ዘመድ ያለው ደብር የሚቆምለት ሰው አያጣም ከሚለው ከእኔ ሐሳብ ጋር እንደተስማሙ አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ክሉኒ የሄደ ሰው የሚያየው የዚያን ቤተ ክርስቲያን አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ነው፤ የደቡቡ ክንፍ ከነስምንት ማዕዘኑ የደወል ግንብ ቆሟል። ኬኔዝ ኮናንት የሚባል አሜሪካዊ ከ1928 ጀምሮ ለብዙ ዓመት እየቆፈረ የቀረውን በወረቀት ላይ አቆመው። ቻርተሩ ከቃጠሎው ተርፎ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ከቅጥሩም የዱቄት ጎተራ የሚሉት ተርፏል፤ ላይኛው ፎቅ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ጣሪያ እንጨት እንዳለ ነው፣ ከትልቁ መቅደስ የተረፉትን የዓምድ ራሶች አሁን እዚያ አኑረዋቸዋል። በቀረው ቦታ ላይ ናፖሊዮን የመንግሥት ፈረስ ማርቢያ አቋቋመበት፤ ጋጣው የቆመው መቅደሱ በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

አጎቴ ይህን የመጨረሻውን ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

«ውሻ አውጥተው መነኩሴ አስገቡ፤ መነኩሴ አውጥተው ፈረስ አስገቡ?»

«አዎ።»

«ምን ዓይነት ፈረስ?»

ይህን አላነበብኩም አልኳቸው። ወደ እንጅባራ በኩል ሄደው የአዊ ፈረሰኞችን ጉግስ ካዩ ወዲህ በፈረስ ነገር ፍርድ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፤ እስካጣራ ድረስ በናፖሊዮን ላይ ምንም አልልም ብለዋል።